አፈሩ የት ሄደ?

አንድ አንባቢ እንዲህ ብለው ጽፈውልኛል፦ «ከግቢዬ በር ፊት ለፊት መኪና የማስገባበት የኮንክሪት ንጣፍ ጎድጎድ ማለት ጀመረ። ባለፈው ዓመት ሠራተኛ ጠርቼ ጠጠርና አሸዋ ሞላበት፤ ላዩን በሲሚንቶ ለሰነው። ከ4 ወር በኋላ ተመልሶ ሰመጠ። ሌላ ሠራተኛ መጥቶ ይበልጥ ወፍራም ኮንክሪት አፈሰሰበት። አሁን ጫፉ ተሰንጥቋል፤ መኪናው ሲያልፍበትም ድም ድም ይላል። ውሃ ይሆናል ብዬ የግቢውን ቧንቧ በሙሉ ዘግቼ ቆጣሪውን አየሁት፤ ንቅንቅ አላለም። በሩ አጠገብ ባለው የፍሳሽ ማንሆል ግን ዝናብ በሌለበት ሌሊት እንኳን ውሃ ሲወርድ ይሰማል። ቆጣሪው ተሳስቶ ይሆን? ደግሜ ላስሞላው? እስከዚያው መኪናዬን ባስገባበትስ?»

ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር፤ ጊዜ የማይሰጠው እሱ ነውና። አያስገቡ። መኪናውንም አያስገቡ፣ እርስዎም አይቁሙበት። ልጆች በዚያ የሚያልፉ ከሆነ ዛሬውኑ በእንጨትና በገመድ ይከልሉት። ድም ድም የሚል ንጣፍ ከሥሩ አፈር የለውም።

ሁለተኛው ሠራተኛ ኮንክሪቱን ሲያወፍር የጠቀመዎ መስሎት ይሆናል። ጎድቶዎታል። ቀጭን ንጣፍ ቶሎ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ያስጠነቅቃል። ወፍራሙ ግን ባዶ ቦታ ላይ እንደ ድልድይ ተዘርግቶ ይቆያል። ከሥር ያለው ጉድጓድ እየሰፋ ሲሄድ ከላይ ምንም አይታይም። ከአቅሙ በላይ የተሸከመ ቀን በአንድ ጊዜ ይሰበራል። የእርስዎ ንጣፍ ጫፉ መሰንጠቁ ያ ቀን ሩቅ እንዳልሆነ ይነግረኛል።

አሁን ወደ ጥርጣሬዬ። ደብዳቤዎን ሳነብ ዓይኔ ያረፈው ሁለት ነገር ላይ ነው። ቆጣሪው አይዞርም፤ ማንሆሉ ግን በደረቅ ሌሊት ይፈሳል። ብዙ ሰው ሁለቱን ለየብቻ ያያቸዋል። እኔ አንድ ላይ ነው የማያቸው። ቆጣሪዎ አልተሳሳተም። ቆጣሪ የሚቆጥረው በውስጡ ያለፈውን ውሃ ብቻ ነው። ከመንገዱ ዋና መስመር ተነስቶ እስከ ቆጣሪው በሚመጣው ቧንቧ ላይ ቀዳዳ ካለ፣ ውሃው ቆጣሪው ጋ ሳይደርስ ነው የሚጠፋው። እርስዎ ግቢ ውስጥ የፈለጉትን ያህል ቧንቧ ቢዘጉ ያ ቀዳዳ አይሰማዎትም።

ስለዚህ የምጠረጥረው ይህን ነው። ከቆጣሪው በፊት ያለው የውሃ ቧንቧ በርዎ አካባቢ ያፈሳል። ከሱ ዝቅ ብሎ ደግሞ ከቤትዎ ወደ መንገዱ የሚወጣው የፍሳሽ መስመር ያልፋል፤ እሱም አንድ መጋጠሚያው ተከፍቷል። ውሃው በዚያ ክፍት አፍ ወደ ፍሳሹ ይገባል። ሲገባ ባዶውን አይገባም፤ መሬትዎን ይዞ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ። ይህ ነገር ያልገባው ሰው ጉድጓዱን ሲሞላ ነው የሚኖረው።

አፈር አይተንም። ጉድጓድ ከተፈጠረ በጉድጓዱ ልክ ያለው አፈር የሆነ ቦታ ሄዷል። የተቀበረ የውሃ ቧንቧ ተቀዶ ዙሪያው ሁሉ ድፍን አፈር ቢሆን፣ ውሃው አፈሩን ያጨቀየዋል፤ ወደ ላይ ይፈልቃል፤ መንገዱን ያረጥበዋል። መጥፎ ነው፤ ግን ይታያል። መሬት የሚከዳዎ ውሃው መውጫ ያገኘ ጊዜ ነው። መውጫው አብዛኛውን ጊዜ በአቅራቢያው ያለ የተሰነጠቀ የፍሳሽ ቧንቧ ነው። አንዳንዴ የዝናብ ውሃ መውረጃ ይሆናል። አንዳንዴም ድሮ ተቋርጦ አፉ ሳይደፈን የተተወ አሮጌ ቧንቧ ይሆናል። ውሃው ወደዚያ ሲጓዝ ደቃቁን አሸዋና ደለል እያጠበ ይወስዳል። ፍሳሹም ተቀብሎ ያሻግረዋል፤ ቀንም ሌሊትም።

በእጅዎ ሞክረው ማየት ይችላሉ። የ2 ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ቂጡን ይቁረጡና ይድፉት። ክዳኑን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይብሱት። ጠርሙሱን በእርጥብ አሸዋ ሞልተው በጣትዎ ጫን ጫን ያድርጉት። ከዚያ በአንድ ጠርዝ በኩል ውሃ በቀስታ ያንቆርቁሩ። ከታች መጀመሪያ ጠብ ጠብ ይላል። ቀጥሎ ይደፈርሳል። ከዚያ አሸዋ ይዞ መውረድ ይጀምራል። አሁን በጠርሙሱ ጎን ይመልከቱ። ከክዳኑ ከፍ ብሎ ትንሽ ዋሻ ይከፈታል፤ ዋሻው ወደ ላይ ያድጋል። ላዩ ግን እንደተደለደለ ነው። የአንድ ጣት ውፍረት እስኪቀረው ድረስ ምንም ያልተፈጠረ ይመስላል። ከዚያ ዝርግፍ ይላል።

እስከዚያ ለምን ቆመ? አሸዋው እርጥብ ስለሆነ ነው። በቅንጣቶቹ መካከል ያለችው ጥቂት ውሃ እርስ በርስ አጣብቃ ትይዛቸዋለች። ልጆች በአሸዋ ቤት መሥራት የሚችሉት በዚሁ ምክንያት ነው። ደረቅ አሸዋ አይቆምም። ውሃ ጢም ብሎ የሞላበትም አይቆምም፤ ክፍተቱ ሁሉ በውሃ ሲሞላ ያ ማጣበቂያ ይጠፋል። ለዚህ ነው የዋሻው ጣሪያ ለወራት ጸንቶ ቆይቶ ኃይለኛ ዝናብ በጣለ ማግስት የሚወርደው። ሰው «ዝናቡ አፈረሰው» ይላል። ዝናቡ ጨረሰው እንጂ አልጀመረውም።

የፍሳሽ መስመሩም የራሱን ያግዛል። ዝናብ በዝቶ ቧንቧው ሲሞላ፣ ውሃው በስንጥቁ ወደ ውጭ ወጥቶ አፈሩን ያላላዋል። ፍሳሹ ሲጎድል ያው ውሃ የላላውን አፈር ይዞ ተመልሶ ይገባል። በሞላና በጎደለ ቁጥር ዋሻው ይሰፋል።

መጠኑን በቁጥር ላሳይዎ። 4 ባር ግፊት ያለው ቧንቧ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ቢኖር በቀን እስከ 10,000 ሊትር ውሃ ሊያፈስ ይችላል። እያንዳንዱ ሊትር 1 ግራም አፈር ብቻ ይዞ ይሄዳል እንበል። 1 ግራም ውሃውን ትንሽ ቢያደፈርሰው ነው። ያ በቀን 10 ኪሎ ይሆናል። በዓመት ከ3 ቶን ተኩል ያልፋል። ከንጣፍዎ ሥር ከ2 ሜትር ኩብ በላይ ባዶ ቦታ ማለት ነው። በአንዲት የምስማር ቀዳዳ።

በዓለም ዜና የሚወሩት ትልልቆቹም ነገራቸው ያው ነው። የጓቲማላ ዋና ከተማ የተቀመጠችው ልል የእሳተ ገሞራ አመድ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 አጋታ የተባለው ዝናብ ያዘለ አውሎ ነፋስ ባለፈባት ሰሞን፣ 20 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጉድጓድ ቀጥ ብሎ ተከፍቶ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ዋጠ። የሥነ ምድር ባለሙያዎች ከመሬት በታች ሲያፈስ የኖረ የፍሳሽ መስመር አፈሩን ቀስ በቀስ እንዳጠበው ነው የተናገሩት። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 ደግሞ ጃፓን ውስጥ ያሺዮ በተባለች ከተማ አንድ የመንገድ መጋጠሚያ ተከፍቶ የጭነት መኪና ከነሹፌሩ ገባ። ሹፌሩ ሕይወቱ አለፈ። ከሥር 10 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ የነበረ ትልቅ የፍሳሽ ቧንቧ ተበልቶ ነበር። ከየቤቱ የሚለቀቀው ፍሳሽ የነፍስ አድን ሥራውን ስላስቸገረ ወደ 1.2 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ውሃ እንዲቆጥቡ ተጠየቁ። ያ መንገድ ከአንድ ሰዓት በፊት ከላይ ሲታይ ደህና መንገድ ነበር። ንጣፉ ላይ አይቁሙ የምለው ለዚህ ነው።

ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ የባዶውን ድንበር ያውጡ። ከጤነኛው ወገን ቆመው፣ ረጅም እጀታ ባለው መዶሻ ወይም በፓሎ ንጣፉን እየመቱ ወደ ሰመጠው ይጠጉ። ሁልጊዜ መዶሻው ይቅደም፣ እግርዎ ይከተል። ድፍን መሬት ላይ ድምፁ አጭርና ጠጣር ነው፤ መዶሻውም ይነጥራል። ባዶው ላይ ሲደርስ ድምፁ ከበሮ ይሆናል። የተለወጠበትን ነጥብ በኖራ ምልክት ያድርጉ። ምልክቱን አይለፉት፤ ካሉበት አንድ እርምጃ አይጨምሩ። በሌላ አቅጣጫ ዞረው እንደገና ይጀምሩ። ሲጨርሱ በኖራ የተከበበው ቦታ ከሰመጠው ቦታ ሰፍቶ ያገኙታል። ከዚያ ክብ ወደ ውጭ ቧንቧው በተቀበረበት ጥልቀት ልክ ርቀው ያጥሩ። ቧንቧው 2 ሜትር ላይ ከሆነ አጥሩም 2 ሜትር ይራቅ። ጉድጓድ ሲደረመስ ጠርዙን ይዞ ነው የሚሄደው።

ቀጥሎ ማንሆሉ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት አካባቢ ይዩት። ሰው ሁሉ በተኛበት ሰዓት የአንድ ሰፈር ፍሳሽ እጅግ መቀነስ አለበት። መንገድ ላይ ያለ ከሆነ የሚመለከታቸውን ጠርተው ያስከፍቱ። ከላይ ሆነው በባትሪ ይመልከቱ እንጂ ማንም እንዳይገባ። የፍሳሽ ጋዝ ሲበረታ አፍንጫን ያደነዝዛል። «ሽታው ጠፋ» ብሎ የተዝናናው ሰው ነው ተዝለፍልፎ የሚወድቀው። እሱን ላወጣ ብሎ የገባውም አብሮት ይቀራል።

ባልዲ በገመድ አውርደው ከሚፈሰው ይቅዱ። በሚያሳይ ጠርሙስ ገልብጠው እስኪነጋ ያስቀምጡት። ላዩ ጥርት ያለ ሆኖ ከታች ስስ የአሸዋ ንጣፍ ከተቀመጠ፣ ያ የቤት ፍሳሽ አይደለም። ያ የእርስዎ ግቢ ነው። ከበርዎ ወደ ላይ ያለውን ማንሆልና ወደ ታች ያለውን ቢያወዳድሩ ደግሞ የበለጠ ይረዳል። ላይኛው ደርቆ ታችኛው የሚፈስ ከሆነ ውሃው የሚገባው በሁለቱ መካከል ነው።

ቁርጡን የሚነግርዎ ግን የመንገዱ የውሃ መስመር መዝጊያ፣ ቫልቩ ነው። የውሃ አገልግሎቱን ሰዎች የመንገዱን መስመር ለ30 ደቂቃ እንዲዘጉልዎ ይጠይቁ። እርስዎ ማንሆሉ አጠገብ ሆነው ይዩ። ፍሰቱ እየቀጠነ ከሄደ ጥርጣሬው ጥርጣሬ መሆኑ አበቃ። ካልቀነሰ ውሃው ከከርሰ ምድር ወይም ከሌላ መስመር ነው ማለት ነው። ያም ሆኖ አፈሩ የሚወጣበት አፍ አልተለወጠም፤ የፍሳሹ መጋጠሚያ መጠገን አለበት። የብረት ዘንግ ቫልቩ ላይ አስደግፎ በጆሮ ማዳመጥም አለ። በብረት ቧንቧ ላይ ጥሩ ይሠራል። ፕላስቲክ ቧንቧ ግን ድምፅ ይውጣል፤ ጸጥ አለ ብለው እንዳይዘናጉ።

መጋጠሚያው ተከፍቷል ብዬ እንዲህ በእርግጠኝነት የምናገረው ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ስላየሁ ነው። አንድ ጊዜ ከእርስዎ ጋር የሚመሳሰል ቦታ ተጠርቼ ሄድኩ። ሁለት ጊዜ ተሞልቶ ሁለቴም የሰመጠ ነበር። ከዳር ሆኜ ንጣፉን በስቼ የ2 ሜትር ፌሮ ሰደድኩበት። ምንም ሳይነካ ገባ። ጫፉን ይዤ ሳወዛውዘው ግድግዳ እንኳን አላገኘሁም። ስንከፍተው ከቤቱ የሚወጣው ቧንቧ ከዋናው የፍሳሽ መስመር ጋር የተገናኘው በመዶሻ ነበር። ዋናውን ቧንቧ ሰብረው የምጣድ ክዳን የሚያህል ቀዳዳ ከፍተዋል። ቧንቧቸውን ሸጉጠውበታል። ዙሪያውን በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ጠቅጥቀው ላዩን ለስነው አልፈዋል። ወረቀቱ በስብሷል፤ ልስኑ ረግፏል። ከሱ በላይ የሚያልፈው የውሃ ቧንቧ ደግሞ በጎማ ላስቲክ ተጠምጥሞ በሽቦ ታስሯል። ከላስቲኩ ሥር ውሃው እንደ መርፌ ይተፋ ነበር። ከሁሉ ያሳዘነኝ ግን ሌላ ነው። ባለቤቱ ከፍለው ያስሞሉትን ጠጠር ማንሆሉ ውስጥ ተከምሮ አገኘነው። ያው ራሱ ጠጠር። በዚያ ቀዳዳ አልፎ ነው የሄደው።

ላስቲክና ሽቦ ጥገና አይደለም። ለአንድ ሌሊት ይሆናል፤ ተቀብሮ ለዓመታት ሊቆይ አይገባም። ዕቃውም ያናድደኛል። ግድግዳው የሳሳ ፒቪሲ በእጅ ሲጫን የሚጎብጥ እያዩ ይቀብሩታል። ከላይ ነሐስ የሚመስል መጋጠሚያ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ጥርሱ ይበላል። ቧንቧውን አቅፎ የሚያጠብቀው ክላምፕ ቆርቆሮው ከሳሳ ብሎኑ ገና ሲጠብቅ ይጣመማል። መሬት ውስጥ የሚገባ ዕቃ ላይ የሚቆጠበው ገንዘብ ከመሬት በላይ አሥር እጥፍ ይወጣል፤ ለመቆፈር ብቻ። ሱቅ ሲሄዱ ቧንቧውን ከዳር ይዩት፤ ውፍረቱ ዙሪያውን እኩል ይሁን፤ የግፊት ደረጃው ላዩ ላይ የታተመ ይሁን። የላስቲክ ቀለበቱን አጥፈው ይልቀቁት፤ ቶሎ ወደ ቦታው ካልተመለሰ ይተዉት።

ጥገናው ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ውሃው ይዘጋል። ከቆጣሪው በፊት ያለውን ቧንቧ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠግነው የውሃ አገልግሎቱ ነው፤ ራስዎ አይንኩት። ሲያመለክቱ «ንጣፍ ሰመጠ» ብቻ አይበሉ። ቆጣሪው እንደማይዞር፣ ማንሆሉ በሌሊት እንደሚፈስ፣ ጠርሙሱ ውስጥ አሸዋ እንደተቀመጠ ይንገሩ። ጠርሙሱንም ይዘው ይሂዱ። እንደዚያ ሲሆን ቶሎ ነው የሚመጡት።

ንጣፉ ከጤነኛው ወገን ተጀምሮ ቁራጭ በቁራጭ ይነሳል። ባዶው ላይ ቆሞ የሚቆርጥ ሰው አይኑር፤ ቀላል ሰው ነው፣ ለአንድ ደቂቃ ነው የሚባል ነገር የለም። ቁፋሮው ከ1.2 ሜትር ካለፈ ግድግዳው በጣውላና በመወጠሪያ ሳይደገፍ ማንም አይግባ። እዚህ ያለው አፈር ደግሞ አስቀድሞ የላላ ነው። 1 ሜትር ኩብ አፈር ከ1.5 ቶን በላይ ይመዝናል፤ ወገብ ድረስ የያዘው ሰው በጉልበቱ አይወጣም።

የፍሳሹ መጋጠሚያ ላይ ሲደርሱ የተሰበረውን በሲሚንቶ ለመለሰን አይሞክሩ። የተጎዳው ክፍል ተቆርጦ ይውጣ። በቦታው ለዚሁ የተሠራ የዋይ ቅርጽ መገናኛ ይግባ፤ ሁለቱም ጫፍ ላይ ላስቲክ ባለው ማያያዣ (ኮፕሊንግ) ይታሰር። ከቤት የሚመጣው ቧንቧ ጫፉ ወደ ዋናው ውስጥ ገብቶ እንዳይንጠለጠል፤ ቆሻሻ ይይዛል። አጠገቡ ድሮ የተቋረጠ ቧንቧ ካገኙ አፉን በኮንክሪት ይድፈኑት። ያ የነገ መውጫ ነው። አፈር ከመመለስዎ በፊት ውሃውን ከፍተው፣ ሽንት ቤቱንም ለቀው፣ መጋጠሚያዎቹን በደረቅ ጨርቅ እየጠረጉ ይዩ። ጨርቁ ከረጠበ ሥራው አላለቀም።

አሞላሉ ላይ አይቸኩሉ። ከቧንቧው ሥርና ጎን ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ንጹህ አሸዋ ተጠቅጥቆ ይሙላ፤ ድንጋይ ቧንቧውን አይንካ። ከዚያ በላይ በ20 ሳንቲ ሜትር ንብርብር እየሞሉ እያንዳንዱን ይጠቅጥቁ። አንዴ ገልብጦ ላዩን ብቻ መጠቅጠቅ የታችኛውን አይነካውም። ዋሻው ወደ ጎን ከጎረቤት ንጣፍ ሥር ገብቶ ከሆነ በአካፋ አይደርሱበትም። ሲሚንቶው ጥቂት የሆነ፣ የሚፈስ የአሸዋና የሲሚንቶ ድብልቅ ያስገቡበት። ይህን የሚያደርጉት ቧንቧው ታሽጎ ካለቀ በኋላ ብቻ ነው። ቀዳዳው ሳይዘጋ ካፈሰሱት ድብልቁ ፍሳሹ ውስጥ ገብቶ ይደርቅና የሰፈሩን መስመር ይዘጋል።

ላዩ ላይ ወዲያው ኮንክሪት አያፍስሱ። ለጊዜው ተነሺ የንጣፍ ብሎክ ይደርድሩ፤ መሬቱ ቢንቀሳቀስ ይናገራል፤ ለማንሳትም ቀላል ነው። በሁለቱ ወገን ጤነኛው መሬት ላይ አንዳንድ ምስማር መትተው ሲባጎ ይወጥሩ። መሃል ላይ ከሲባጎው እስከ ብሎኩ ያለውን በሳምንት አንዴ ለክተው ከነቀኑ ይጻፉ። አንድ የዝናብ ወቅት ይለፍበት። ቁጥሩ ከጨመረ አሁንም አይቁሙበት፤ ማንሆሉን እንደገና በሌሊት ይዩ። ዝናቡ አልፎ ቁጥሩ ባለበት ከቆየ ኮንክሪቱን ያኔ ያፍስሱ፤ ሲጠነክር መኪናዎን ያስገቡ።